የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከግድቡ እስከ ምጣዱ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱን መርጠናል። ሁሉም የተጻፉት ከመሀል አዲስ አበባ ሲሆን፣ ሳይንስና ቴክኖሎጂ በኑሯችን፣ በአካባቢያችንና በኪሳችን ላይ ስላመጡት ለውጥ ይጠይቃሉ። የጠያቂዎቻችንን ስም አላወጣንም፤ ደብዳቤዎቹንም ከቦታ ጥበት የተነሣ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ በጡረታ ላይ ያለሁ የታሪክ መምህርት ስሆን የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ የጋራ ግቢ ውስጥ ነው። አምስት አባወራዎች በአንድ ቆጣሪ እንጠቀማለን። ለታላቁ የኅዳሴ ግድብ ከደመወዜ ቦንድ ገዝቻለሁ፤ ሲመረቅም እንደ ማንኛውም ሰው እልል ብያለሁ። ነገር ግን በበዓል ዋዜማ ሁላችንም ምጣድ ስንጥድ መብራቱ ይደክማል፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። ይህን ያህል ኃይል እያለን እኔ እስከ ዛሬ ከሰል የምገዛው ስለምንድን ነው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ጥያቄዎን በእርስዎው ምጣድ እንመልሰው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሸክላው ሥር ባለው ቦይ ውስጥ የተዘረጋ ጥምዝ ሽቦ አለው። ሽቦው ሲግል ሸክላውን ያግለዋል፤ ሸክላው ደግሞ ሙቀቱን አቅፎ ስለሚይዝ የእንጀራው ዓይን እኩል ይወጣል። ይህ መሣሪያ በአብዛኛው 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ኃይል ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ኮረንቲ ማለት ነው። ለሁለት ሰዓት ቢጋግሩበት 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በዚህ መጠን አንድ ባለ 10 ዋት አምፖል 700 ሰዓት ይበራል። በቤታችን ካሉት ዕቃዎች ሁሉ እንደ ምጣድ ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ግድቡ እንሂድ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለውና ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሁሉም ተርባይኖች በሙሉ አቅማቸው ሲሠሩ 1.47 ሚሊዮን የሚሆኑ ምጣዶችን በአንድ ጊዜ ሊያግል ይችላል ማለት ነው። ይሁን እንጂ የውኃ ኃይል እንደ ዝናቡና እንደ ሐይቁ መጠን ስለሚለዋወጥ፣ በዓመት ይመነጫል ተብሎ የታቀደው ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት በዓመቱ ሰዓቶች ሲካፈል አማካዩ 1,800 ሜጋ ዋት ግድም ነው። ይህም ቢሆን ለአገራችን እጅግ ትልቅ ኃይል ነው። የእርስዎ ችግር የኃይል ማነስ አለመሆኑን ግን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ኃይሉ ግድቡ ካለበት ከጉባ ተነሥቶ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር እስከ ሆለታ ይመጣል። ቮልቴጁ ይህን ያህል ከፍ የሚደረግበት ምክንያት ቀላል ነው፤ በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኮረንቲ እጥፍ ሲሆን በሙቀት መልክ የሚባክነው ኃይል አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ረጅም መንገድ በዝቅተኛ ኮረንቲና በከፍተኛ ቮልቴጅ መጓዝ ብክነቱን ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ ኃይሉ በማከፋፈያ ጣቢያዎች ደረጃ በደረጃ ዝቅ እያለ በከተማው ውስጥ በ15 ኪሎ ቮልት መስመር ይሰራጭና፣ በየሰፈሩ ምሰሶ ላይ በምናየው ትራንስፎርመር በኩል ወደ 220 ቮልት ወርዶ ወደ ግቢዎ ይገባል። የመጨረሻው ቁራጭ፣ ማለትም ከትራንስፎርመሩ እስከ ቆጣሪዎ ያለው ሽቦ፣ ምናልባት ሲዘረጋ የታሰበው ለአምፖልና ለሬዲዮ ነበር። አምስት ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲጣድበት 80 አምፔር ይጠየቃል፤ ሽቦው ይግላል፣ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አምፖሉ ይደክማል፣ ትራንስፎርመሩም የሰፈሩን ሁሉ ምጣድ መሸከም ሲያቅተው ራሱን ከጉዳት ለመጠበቅ ፊውዙ ይቃጠላል። ሲመረቅ ሪባን የሚቆረጥለት ግድቡ ነው፤ ትራንስፎርመር ተለወጠ ተብሎ ግን ማንም እልል አይልም። በእኔ አስተያየት ከእንግዲህ የሚቀጥለው ከባድ ሥራ ያለው እዚያው፣ በየምሰሶው ላይ ነው።

በደብዳቤዎ ያላነሡት፣ ነገር ግን የሚመለከትዎ አንድ ጉዳይ ደግሞ አለ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በወር ፍጆታ መጠን በእርከን የተከፋፈለ ሲሆን፣ ትንሽ የሚጠቀም ሰው በዝቅተኛው ዋጋ እንዲከፍል ታስቦ የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት እጅግ ርካሽ ተደርጓል። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ግን የሁሉም ፍጆታ ተደምሮ ስለሚቆጠር፣ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው ሲታይ ትንሽ ተጠቃሚ ሆኖ ሳለ ሒሳቡ የሚሠራው በከፍተኛው እርከን ነው። ለድኻ የታሰበው ድጎማ ድኻው ዘንድ የማይደርስበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። ስለዚህ የግል ቆጣሪ እንዲገባልዎ ማመልከት ወጪ ቢኖረውም ያዋጣል፤ እስከዚያው ድረስ በግቢው ውስጥ የመጋገሪያ ተራ ማውጣት መብራቱን ያድናል፣ የቆጣሪውን እርከን ግን አይለውጥም።

ከሰሉን በተመለከተ፣ መብራት በማይታመንበት ቤት የከሰል ምድጃ ከጓዳ አይወጣም፤ ይህም የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ይሁንና ከተራው የብረት ምድጃ ይልቅ «ላቀች» የሚባለው የከሰል ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል፤ በእንጨት ለሚጋግሩ ደግሞ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ የማገዶ ፍጆታውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በተለይ ጭስ የሚበዛበት ጓዳ ውስጥ ለሚውሉ እናቶችና ሕፃናት ሳንባ ይህ ቁጠባ ከገንዘቡ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ከማገዶ ጋር በተያያዘ፣ ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን አድኗል የሚሉ አሉ፤ አፈሩን አደረቀ የሚሉም አሉ። የትኛው ነው ትክክል? (ከፒያሳ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ)

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በአካባቢዋ የነበረው አገር በቀል ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስላለቀ፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራም አስጀምረው ነበር። ቀደም ሲል የኢትዮጵያ ነገሥታት እንጨት ሲያልቅ ከተማቸውን አንሥተው መሄዳቸው የተለመደ ነበርና ይህ ውሳኔ በዘመኑ ማንንም የሚያስገርም አልነበረም። በ1880ዎቹ ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ፈረንሳዊው ሞንዶን ቪዳዬ ለንጉሠ ነገሥቱ አስመጣው የሚባለው ዛፍ ግን በጥቂት ዓመት ውስጥ ለመቆረጥ የሚደርስና ከተቆረጠም በኋላ ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ ስለሆነ የማገዶውን ችግር ፈታው፤ ከተማዋም እዚያው ቀረች። አንድ የችግኝ ዓይነት የአንድ መንግሥት መቀመጫን በአንድ ቦታ ሲያጸና በታሪክ ብዙ ጊዜ አይታይም።

ዋጋው የታየው ዘግይቶ ነው። ባሕር ዛፍ ውኃ በብዛት ይወስዳል፤ ከሥሩ ሌላ ተክል እምብዛም ስለማያስጠጋ በእንጦጦ ዳገት ላይ ያለው አፈር በክረምት ዝናብ በቀላሉ ይታጠባል። የማገዶ ሸክም ከጀርባቸው ሳይወርድ ዳገቱን የሚወርዱት ሴቶችም የዚያው ዛፍ ታሪክ አካል ናቸው። ዛሬ በእንጦጦ የሚደረገው አገር በቀል ዛፍ የመተካት ሥራ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ሴቶች ከሸክሙ ሌላ መተዳደሪያ እስካላገኙ ድረስ፣ የቀድሞው ዛፍ ሲነሣ የሚጎዳው መጀመሪያ የእነርሱ ገቢ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ውስጥ አነስተኛ ሱቅ አለኝ። ደንበኞቼ አሁን አሁን በስልክ ካልሆነ አንከፍልም ይላሉ። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ወጣት ዕቃ ገዝቶ «ልኬልሃለሁ» ብሎ በስልኩ ላይ የክፍያ መልእክት አሳየኝ፤ ብሩ ግን አልገባም ነበር። ይህ ነገር ለእንደኔ ላለ ነጋዴ ጥቅም አለው ወይስ ለባንኮቹና ለቴሌኮሙ ብቻ ነው? እናቴም የምትጠቀመው በቁልፍ የሚሠራ ስልክ ስለሆነ ከዚህ ሁሉ ውጪ ናት።

መልስ፦ በቅድሚያ ስለ ማጭበርበሩ፦ ምንጊዜም ማየት ያለብዎ የራስዎን ስልክ እንጂ የደንበኛውን ስልክ አይደለም። በሌላ ሰው ስክሪን ላይ የሚታይ ምስል በቀላሉ ሊቀናበር ይችላል። በሱቅዎ ስም የተከፈተው ሒሳብ ላይ መልእክት መግባቱን፣ ከተቻለም ቀሪ ሒሳቡ መጨመሩን አይተው ዕቃውን ይስጡ፤ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት ሰዓት መልእክቱ ዘግይቶ ሊመጣ ስለሚችል ደንበኛውን ትንሽ ማስጠበቅ ነውር አይደለም። የይለፍ ቁጥርዎን ደግሞ ከድርጅቱ ነኝ ብሎ ለሚደውል ሰው እንኳ አይንገሩ። ሲም ካርዱም በራስዎ ስም የተመዘገበ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በዘመድ ወይም በቀድሞ ተቀጣሪ ስም በተመዘገበ ሲም ላይ የሱቅ ገንዘብ ማስቀመጥ በኋላ ብዙ ጣጣ ያመጣል።

ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ነው፤ በጎረቤት አገር ኬንያ ተመሳሳዩ የስልክ ገንዘብ አገልግሎት ኤምፔሳ ሥራ ከጀመረ ከ14 ዓመታት በኋላ ማለት ነው። በዚህ መዘግየት ያጣነው ብዙ ቢሆንም፣ ሰዉ የለመደበት ፍጥነት አስገራሚ ነው። ለእናትዎም የሚሆን መንገድ አለ፤ *127# ብለው ቢደውሉ አገልግሎቱ በማንኛውም ባለ ቁልፍ ስልክ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ መልእክቱ የሚመላለሰው በራሱ በስልክ ኔትወርኩ በኩል ነውና። የሚያስቸግራቸው ምናልባት የፊደሉ ትንሽነትና የምርጫዎቹ ብዛት ሊሆን ይችላል፤ እንደ እርስዎ ያለ ልጅ አጠገባቸው ተቀምጦ ጥቂት ጊዜ ቢያለማምዳቸው ይበቃል። ብሩን ለማውጣት ወደ ባንክ ወረፋ ሳይሄዱ በሰፈር ወኪል ዘንድ መጨረስ መቻላቸው ብቻውን ለአዛውንቶች ትልቅ ዕረፍት ነው።

ጥቅሙ ለማን ነው ለሚለው፣ የእኔ መልስ እንዲህ ነው። ለሱቅዎ ዋናው ጥቅም ጥሬ ገንዘብ አለመቁጠሩ አይደለም፤ ሽያጭዎ በየዕለቱ ተመዝግቦ መቀመጡ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ ባንክ ብድር ሲጠየቅ የሚጠይቀው ቤት ወይም ቦታ ነበር፤ ይህ የሌለው ነጋዴ የቱንም ያህል ታታሪ ቢሆን ከዕቁብና ከዘመድ በቀር መበደሪያ አልነበረውም። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከዳሸን ባንክ ጋር የተጀመሩት የቴሌብር የብድር አገልግሎቶች ያለ መያዣ የሚያበድሩት ይህንኑ የክፍያ ታሪክ አይተው ነው። ነገር ግን የብድሩን ዋጋ ለወር ሳይሆን ለዓመት አስልተው ይመልከቱ። ለምሳሌ ያህል 1,000 ብር ለአንድ ወር ተበድረው 1,050 ቢመልሱ ጭማሪው ትንሽ ይመስላል፤ በየወሩ ቢደጋግሙት ግን በዓመት 600 ብር፣ ማለትም 60 በመቶ ይሆናል። ዕቃው በሳምንት ተሸጦ የሚያልቅ ከሆነ ይህ ወጪ ያዋጣ ይሆናል፤ ለቤት ኪራይ ወይም ለድግስ ከሆነ ግን የምመክረው ዕቁብዎን ነው። ኔትወርክ የጠፋ ቀን ሱቁ እንዳይዘጋ ጥቂት ዝርዝር ብር መሳቢያ ውስጥ ማኖሩም አይከፋም።

ጥያቄ፦ የከተማው ቀላል ባቡር ሲጀመር ብዙ ተስፋ ነበረን። ዛሬ የሚሠሩት ባቡሮች ቁጥር ለምን ቀነሰ? ችግሩ የቴክኖሎጂው ነው ወይስ የእኛ? (ከለገሃር)

መልስ፦ ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች የመጀመሪያው የተባለለት ይህ ባቡር በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር፣ ሁለቱ መስመሮች በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበራቸው። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን አብዛኛው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። ባቡሮቹ 41 ነበሩ። ቁጥራቸው የቀነሰው በዋናነት መለዋወጫ ባለመገኘቱ ነው፤ መለዋወጫው ደግሞ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ሲሆን፣ ተሳፋሪው የሚከፍለው ግን በብር፣ ያውም በጣም ዝቅተኛ ታሪፍ ነው። ስለዚህ መልሱ ከሁለቱም ወገን ነው ለማለት እንችል ነበር፤ እኔ ግን ጥፋቱን ከባቡሩ ላይ አላደርገውም። ሲገዛ የጥገናው ወጪ ከየት እንደሚመጣ በውል ያልተወሰነለት ማሽን፣ የትኛውም ይሁን፣ ዕድሜው ከተባለለት ያነሰ ይሆናል።

ለገሃር ሆነው ሲጠይቁ የቀድሞው ባቡር ትዝ ማለቱ አይቀርም። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1909 ዓ.ም.። ድሬዳዋ ራሷ የሐዲዱ ልጅ ናት፤ ባቡሩ በሐረር ተራሮች ላይ መውጣት ስላልቻለ በሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረች። በዚያ ከተማ የተሠራው የጥገና ጋራዥ ግን ከሐዲዱ ባልተናነሰ ጠቃሚ ነበር፤ ብረት መቁረጥ፣ መበየድና ማስተካከል የሚችሉ ሠራተኞችን ትውልድ በትውልድ አፍርቷል፤ ባቡሩም እንዲያ እየተጠገነ ለአሥርት ዓመታት ሊሄድ የቻለው በእነርሱ እጅ ነው። ለቀላል ባቡሩ እንዲህ ዓይነት ጋራዥ እዚሁ ከተማ ውስጥ ቢጠናከርና ቀላል ቀላሉ መለዋወጫ በአገር ውስጥ ማምረት ቢጀመር፣ የውጭ ምንዛሪው ጥያቄ ባይጠፋ እንኳ ይቀል ነበር። የሐዲዱ አጥር አንዳንድ ሰፈሮችን ለሁለት መክፈሉና እግረኛው መሻገሪያ ፍለጋ ሩቅ መሄዱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሌላ እትም እንመለስበታለን።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ግቢ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እስካሁን ያነበብኩት ሁሉ ከውጭ የመጣ ነገር ነው፤ ዛፉም፣ ባቡሩም፣ ስልኩም። እዚህ ተወልዶ ሌላውን የረዳ ሳይንስ የለንም?

መልስ፦ አለን፤ ከሚማሩበት ግቢም ሩቅ አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1957 ዓ.ም. በዓድዋ አካባቢ የቢልሃርዚያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በወንዝ ዳር ልብስ በእንዶድ በሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፍፈው አዩ። የበሽታው ጥገኛ ትል ወደ ሰው ከመግባቱ በፊት በቀንድ አውጣ ውስጥ ማደግ አለበት፤ ስለዚህ ቀንድ አውጣውን የሚገድል ርካሽ ነገር መገኘቱ ትልቅ ግኝት ነበር። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው፣ ልብሱንም አረፋ የሚያስወጣው ንጥረ ነገር መርዙ ሆኖ ተገኘ። ግኝቱ ግን በዓለም አቀፍ ተቋማት ዘንድ ተቀባይነት ለማግኘት ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል፤ የደኅንነት ምርመራው ውድ በሆኑ የውጭ ላቦራቶሪዎች ካልተደገመ አይታመንም ይባል ነበርና። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1982 ዓ.ም. «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በዶክተር አክሊሉ ስም ይጠራል።

ሌላው ምሳሌ በየቀኑ የምንበላው ነው። «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዝርያ በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ተዳቅሎ በ1998 ዓ.ም. ለአርሶ አደሩ ተለቀቀ። ተመራማሪዎቹ ያዳቀሉት ሁለት ዝርያዎችን ነው፤ አንዱ ምርቱ ከፍ ያለ ሲሆን ቀለሙ ግን ለገበያ አይመችም፣ ሌላው ደግሞ ፍሬው በጣም ነጭ ነው። የመሀል አዲስ አበባ ሸማች ለነጭ ጤፍ የበለጠ ስለሚከፍል፣ አርሶ አደሩ ምርት የሚጨምር ግን ነጭ ያልሆነ ዘር ቢሰጠው እምብዛም አይወስደውም ነበር። ጤፍ አበባው እጅግ ደቂቅ በመሆኑ ማዳቀሉ በማጉያ መሣሪያ ሥር በትዕግሥት የሚከናወን የጣት ሥራ ነው፤ ዝርያው ከተገኘ በኋላም ዘሩን በአርሶ አደሮች ማሳ ላይ አባዝቶ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ማዳረስ ያስፈለገ ሲሆን፣ ቁንጮ በሰፊው የተስፋፋው በዚህ መንገድ ነው።